ጭሱን አቁሙ ላላችሁን፦ ከእንጀራ ጋጋሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በከተማችን ስለ አየር ብክለት፣ ስለ መብራትና ስለ ጥቃቅን ሥራዎች ለምትወስኑ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሼድ የምንሠራ የ23 እንጀራ ጋጋሪ ሴቶች ማኅበር ሒሳብ ያዥ ነኝ። በቅርቡ ሼዳችን በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። በእንጨት መጋገራችሁ አካባቢውን በጭስ እየበከለ ስለሆነ በ30 ቀን ውስጥ አቁሙ፤ ካላቆማችሁ ሼዱ ይታሸጋል ይላል። የቢሮውን ስም እዚህ አልጠራም። የፈረመውን ሰው ማሳጣት አልፈልግም። ደግሞም ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ብቻ አይደለም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይታወቅልን። ጭስ ይጎዳል ስትሉ ልክ ናችሁ። ከእኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ሌላው ሰው ከሩቅ ያየዋል፣ እኛ እንውጠዋለን። ጭሱ ይቁም መባሉን የሚቃወም ከመካከላችን አንድ ሰው የለም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መብራት አስገቡልን ስንል መልስ አጥተናል። አሁን ግን ጭሱን አቁሙ ለማለት 30 ቀን በቃ።

ወረቀቱ በተለጠፈ ማግስት ሼዱ ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ። የምንገባው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ለምሳ የሚደርስ እንጀራ ለሆቴልና ለሱቅ መውጣት አለበት። እንጨቱ የክረምቱን እርጥበት ገና አልለቀቀም ነበርና አልያዝ አለ። ሰጋቱራ ጣል ተደረገበት። ሰጋቱራ ነበልባል እስኪያወጣ ድረስ ጭስ ብቻ ነው፤ ወፍራም፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ጭስ። ያኔ ከምጣዱ ማዶ ያለችው ሴት አትታይም። ሳሏ ብቻ ይሰማል። አንዷ ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች። እፍ ለማለት መጀመሪያ አየር መሳብ አለባት፤ የምትስበው ደግሞ ያንኑ ነው። ሊጡን አዙራ ታፈሳለች፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ትደፋለች፣ ሲበስል ታነሳለች። ስታነሳ እንፋሎቱና ጭሱ ተቀላቅለው ፊቷ ላይ ይወጣሉ። በቀን መቶ ሃምሳ እንጀራ የምትጋግር ሴት ይህን መቶ ሃምሳ ጊዜ ታደርገዋለች።

የሻሻችንን ጫፍ አፍንጫችን ላይ እናስረዋለን። ከሰዓት ስንፈታው አፍንጫችን ያረፈበት ቦታ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ይኖራሉ። በሳሙና ብናሸውም ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

በማኅበራችን ሁላችንም እትዬ የምንላቸው አንድ ታላቃችን አሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጋግሩ ኖረዋል። ባለፈው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላኩ። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሲጋራ ያጨሳሉ?» የሚል ነበር። እትዬ በጣም ነው የከፋቸው። በዕድሜያቸው ሲጋራ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ሐኪሙ ይቅርታ ጠየቃቸውና ሳንባዎ የብዙ ዓመት አጫሽ ሳንባ ይመስላል ብሎ አስረዳቸው። አሁን በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሲገኝ ይገዛሉ፣ ሳይገኝ ደግሞ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ያድራሉ። ተኝተው መተንፈስ አይችሉም።

ሌላዋ ልጇን የምትተውለት ሰው የላትም። አዝላው ነው የምትጋግረው። ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሳንባ ምች ያዘው። በሁለተኛው ጊዜ ሆስፒታል አሥር ቀን አብራው ተኛች። አሥር ቀን አልጋገረችም ማለት ነው። ስትመለስ የቤት ኪራይ አልፏት፣ ለመድኃኒት ተበድራ ነበር። ብድሯን ከማኅበሩ ቁጠባ ከፈልንላት። ይኸው ደብተሬ ላይ ተጽፏል።

ወደ ደብተሬ ልመለስ፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገር እሱ ነውና። የወጪና የገቢ ደብተር ስይዝ ዱቄት፣ እንጨት፣ ትራንስፖርት እጽፋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ዓምድ ጨመርኩ። በሳል፣ በትንፋሽ ማጠር፣ በዓይን ሕመምና ልጅ በማስታመም የቀረችውን ሴትና የቀረችበትን ቀን መመዝገብ ጀመርኩ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ስደምረው 164 ቀን መጣ። በአንድ ሴት የቀን ድርሻ፣ በ350 ብር ሳባዛው 57,400 ብር ሆነ። የመድኃኒትና የካርድ ወጪ አልገባበትም። እንጀራው ጭስ ጭስ ይላል ብሎ ትእዛዙን ያቋረጠብን ሆቴልም አልገባበትም። እትዬም አልገቡበትም። እሳቸው ከሥራ ከወጡ በኋላ የቀሩበት ቀን መቁጠር የሚቻል ነገር አልሆነም።

እንግዲህ እኛ እንጨት በርካሽ ገዝተን የምንጋግር ይመስለናል። ደብተሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። የእንጨቱ ዋጋ ሁለት ቦታ ነው የሚከፈለው። አንዱን ለነጋዴው እንከፍላለን፣ ሌላውን ለጤና ጣቢያው።

ይህን ሒሳብ በአገር ደረጃ የሠሩት ሰዎች እንዳሉ ሳውቅ ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ በ2019 በዓለም ሕዝብ ጤና ላይ ያደረሰው ጉዳት በገንዘብ ሲተመን 8.1 ትሪሊዮን ዶላር ነው። የዓለም ጠቅላላ ምርት 6.1 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ ብናኝ ከፀጉር ውፍረት ሠላሳ እጥፍ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፣ ሳንባ ድረስ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ደም ይገባል። ከእንጨትም፣ ከናፍጣም፣ ከሚቃጠል ቆሻሻም ይወጣል።

የእኛም አገር ሒሳብ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ላንሴት በሚያሳትመው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሦስት አገሮችን ለይቶ አስልቷል። በአየር ብክለት በሚመጣ ሕመምና ሞት ምክንያት ኢትዮጵያ በ2019 ብቻ 3.02 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ምርት አጥታለች። ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 1.16 በመቶ ነው። ጋና 1.63 ቢሊዮን፣ ሩዋንዳ 349 ሚሊዮን ዶላር አጥተዋል። ሩዋንዳ ትንሽ አገር ስለሆነች ገንዘቡ ትንሽ ይመስላል እንጂ ከምርቷ ሲታይ 1.19 በመቶ ነው፤ ከእኛም ይበልጣል። ሕንድ ላይ በተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ የ2019 ኪሳራ 36.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ከምርቷ 1.36 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

መጀመሪያ ሳነበው ግራ ገብቶኝ ነበር። አንዱ ጥናት ለዓለም 6 በመቶ ይላል፣ ሌላው ለእኛ 1 በመቶ ከምናምን። ልዩነቱ አቆጣጠሩ ላይ ነው። የዓለም ባንክ፣ ሰዎች ከሞት ሥጋት ለመዳን ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ ናቸው ብሎ የሕይወትን ዋጋ ይተምናል። ሌሎቹ የቆጠሩት የጠፋውን ምርት ብቻ ነው፤ እኔ ደብተሬ ላይ እንደማደርገው። በሒሳብ ያዥነቴ አንድ ነገር ከነከነኝ። የጠፋ ገቢ ብቻ ሲቆጠር ገቢዋ ትንሽ የሆነች ሴት ብትሞት ኪሳራው ትንሽ ሆኖ ይጻፋል። የእትዬ ሳንባ በዚህ አቆጣጠር ርካሽ ነው። ስለዚህ 1.16 በመቶ የሚለውን ቁጥር ስታዩ ትንሽ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ትንሽ ያስመሰለው የእኛ ገቢ ማነስ ነው።

የእኛን አገር ኪሳራ ባሰላው በዚያው ጥናት አፍሪካ ውስጥ በ2019 በአየር ብክለት ከሞቱት 1.1 ሚሊዮን ሰዎች 697,000ዎቹ የሞቱት በቤት ውስጥ ጭስ ነው። በውጭው አየር የሞቱት 394,000 ናቸው። ከጎዳናው ይልቅ ምድጃው ይገድላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አየር እንደልብ በማይዘዋወርበት ቤት ውስጥ የሚቃጠል እንጨት የሚያወጣው ደቃቅ ብናኝ ከተገቢው መጠን 100 እጥፍ ሊደርስ ይችላል ይላል። እኛን «በካዮች» ብሎ ከመጻፍ በፊት ከሟቾቹ ዝርዝር ውስጥ የማን ስም እንደሚበዛ መመልከት ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዎቻችን እገባለሁ።

የመጀመሪያው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ሼዱ ሲሰጠን ስሪ ፌዝ የሚባለው፣ ብዙ ምጣድ በአንድ ጊዜ የሚሸከም የመብራት መስመር ይገባላችኋል ተብለን ነበር። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይፈልጋል። እኛ 12 ምጣድ ነው ያለን፤ በአንድ ላይ 42 ኪሎዋት ይሆናል። አሁን ያለን መስመር የመኖሪያ ቤት መስመር ነው። ሁለት ምጣድ ሲሰካ ሦስተኛው ላይ ይጥላል። ማመልከቻ አስገባን። መጀመሪያ ግምት ይሠራላችኋል ተባልን። ከስድስት ወር በኋላ ትራንስፎርመሩ ሞልቷል ተባለ። ከዚያ የበጀት ዓመቱ አልቋል፣ ቀጥሎ ባለሙያው መስክ ላይ ነው፣ ቀጥሎ ፋይላችሁ አልተገኘም፣ እንደ አዲስ አመልክቱ። እንደ አዲስ አመለከትን። የተመላለስንበትን የታክሲ ሒሳብም ጽፌዋለሁ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ሼዱ ውስጥ ሬዲዮ ከፍተን እልል ብለናል። አንዳንዶቻችን አልቅሰናል። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እኛም ቦንድ ገዝተናል፣ ማኅበሩ በስሙ፣ አባላትም በየግላቸው። ቦንዱን የገዛነው በዚሁ ጭስ ውስጥ ባገኘነው ብር ነው። ግድቡ ሠርቶ እኛ ጋ የሚቀረው አንድ ትራንስፎርመርና ጥቂት ሜትር ሽቦ ሆኖ ሳለ ሰጋቱራ እፍ እያልን መዋላችን ያንገበግበናል።

ሁለተኛው የአካሄዱ ነገር ነው። ጭስን የከለከሉ ሌሎች አገሮችም አሉና ከእነሱ እንማር። ለንደን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 በከሰል ጭስ ታፍና በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱባት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጭስ የተከለከለባቸው ሰፈሮች ተለዩ። ይኸው ሕግ ግን ምድጃውን ለሚቀይር ባለቤት ከወጪው አሥር እጅ ሰባቱ እንዲመለስለት ደንግጎ ነበር። ክልከላውና ገንዘቡ በአንድ ወረቀት ላይ መጡ። በእኛ ወረቀት ላይ የመጣው ክልከላው ብቻ ነው።

ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ትልቅ ዘመቻ ጀመረች። የቤይጂንግ ዓመታዊ የፒኤም 2.5 መጠን በዚያ ዓመት በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 89.5 ማይክሮግራም ነበር፤ በ2024 ወደ 30.5 ወረደ። የሚደነቅ ሥራ ነው። ግን መሀል ላይ አንድ ስሕተት ሠርተዋል፣ እሱ ነው እኛን የሚመለከተው። በ2017 ክረምት በሰሜን ቻይና የከሰል ምድጃዎች ጋዙና ኤሌክትሪኩ ሳይደርስ ተነቀሉ። ከቤይጂንግ አጠገብ ባለችው የሄቤይ ክፍለ ሀገር፣ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ብርዱ አላስቀምጥ ብሏቸው ፀሐይ ላይ ወጥተው ሲማሩ ታዩ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩ በአስቸኳይ ደብዳቤ ጻፈ፦ መቀየሪያው ባልደረሰበት ቦታ ከሰል ማንደድ ይፈቀድ፣ ሕዝቡ እንዳይበርደው። ያን ያህል ጠንካራ መንግሥት ይህን ስሕተት አይቶ አስተካክሏል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። አዲሱ ምጣድ ሳይሰካ አሮጌው አይሰበር።

እዚሁ አገራችንም ምሳሌ አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲወሰን፣ ቀድሞ የገቡት መኪኖች በ30 ቀን ውስጥ ይታሸጉ አልተባለም። ለኤሌክትሪክ መኪኖችም የታክስ እፎይታ ተሰጠ። ጥሩ ነው፤ እንዲህ ነው መሆን ያለበት። ግን መኪና መግዛት ለሚችል ሰው ለውጡ በእፎይታ ሲመጣ፣ ምጣድ ብቻ ላለን ሴቶች በማሸጊያ መጣ። ከሼዳችን ፊት ለፊት ያለው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ አሮጌ የጭነት መኪኖች ዳገቱን ሲወጡ ጥቁር ጭስ ይለቃሉ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በየሕንፃው ሥር ጄኔሬተር ይነሳል። እነሱ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አላየንም። እነሱም ይታሸጉ እያልኩ አይደለም፤ ሹፌሩም ልጆች አሉት። ግን እኩል እንታይ።

ስለ መለኪያም ቅሬታ አለን። ወረቀቱ «ከመጠን በላይ» የሚል ቃል አለበት። ከየትኛው መጠን? ሼዳችን ውስጥም ሆነ ደጁ ላይ መለኪያ ይዞ የመጣ ሰው የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው መመሪያ የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በላይ እንዳይሆን ይመክራል። እኛ የስንቱ ውስጥ ነው የምንሠራው? አናውቅም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ስልኩ ላይ ያያቸው ከነበሩት መለኪያዎች መካከል የአሜሪካ ኤምባሲ ያቆማቸው ይገኙ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዓለም ዙሪያ ካሉ ኤምባሲዎቹ የአየር መረጃ ማውጣት አቆመ። በሰው መለኪያ መተማመን እዚህ ላይ ያደርሳል። የራሳችን ይኑረን፣ ለሁሉም ሰው ክፍት ይሁን።

መለካት ለእናንተም ይጠቅማችኋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ ፒር የሚባለውን ፍሬ የሚያሽጉ ሠራተኞችን ተከታትሏል። የሚሠሩት ቤት ውስጥ ነው፣ የሚከፈላቸውም ባሸጉት ልክ ነው፤ እንደ እኛ። የውጭው አየር ላይ ፒኤም 2.5 በ10 ማይክሮግራም ሲጨምር የሚያሽጉት በ6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። አልታመሙም፣ ከሥራ አልቀሩም። እጃቸው ብቻ ይዘገያል። ይህን ሳነብ ደብተሬ ላይ ምን እንደጎደለ ገባኝ። የቀረችውን ሴት እንጂ መጥታ እጇ የዘገየባትን ሴት መዝግቤ አላውቅም። ጭሱ በበዛበት ጠዋት መቶ ሃምሳ የምትጋግረው ሴት መቶ ሃያ ጋግራ ዓይኗን ይዛ ደጅ ትቀመጣለች። ሰላሳው እንጀራ የማንም ኪሳራ ሆኖ አልተጻፈም።

የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

የማሸጊያው ትእዛዝ መስመሩ ገብቶ ምጣዶቻችን እስኪሰኩ ድረስ ይቆይልን። ከዚያ በኋላ አንዲት ጭራሮ ብናነድ እሸጉን።

ስሪ ፌዝ መስመሩ የሚገባበት ቀን በጽሑፍ ይሰጠን። ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ሰውም ይመደብልን። ከአምስት መስኮት አንድ መስኮት ይሻላል። የመስመሩንና የትራንስፎርመሩን ድርሻችንን እንከፍላለን፤ በአንድ ጊዜ ግን አንችልም። በየወሩ ተከፋፍሎ ይቆረጥብን። የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣም በተመሳሳይ መንገድ ብድር ይመቻችልን። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ ሴቶች የማብሰያ ጋዝ ማስገቢያውን ክፍያ እየሸፈነች በሦስት ዓመት ተኩል 8 ኮሮር ማለትም 80 ሚሊዮን ቤት ደርሳ ነበር። ብዙዎቹ ግን ሲሊንደሩን መሙያ አጥተው ወደ እንጨት ተመልሰዋል። ስለዚህ ምጣዱ ብቻ አይበቃም፤ ወርኃዊ የመብራት ሒሳቡም ለትንንሽ ጋጋሪዎች የሚቻል ይሁን።

መስመሩ እስኪመጣ ድረስ ጭስ ማውጫ ይሠራልን። ቆርቆሮውን እኛ እንገዛለን፣ የሚሠራው ባለሙያና ፈቃዱ ነው የጎደለን። ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ እንጨቱን በግማሽ ገደማ እንደሚቆጥብ ይታወቃል። እሱን ለሁሉም ምጣድ ለማስገባት ብታግዙን ከነገ ጀምሮ ጭሱ ይቀንሳል።

ሼዱ ውስጥና መንገዱ ዳር ይለካልን፣ ውጤቱም ይለጠፍልን። ወረቀቱ በተለጠፈበት በዚያው በር ላይ ቢሆን ደስ ይለናል።

ጤና ጣቢያዎች የሳል ታማሚ ሲመጣ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ከሚለው ጋር «ምን እያነደዱ ነው የሚያበስሉት?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም ካርዱ ላይ ይጻፉት። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ካልተጻፈ ግን እንደ እትዬ ያሉ ሰዎች በማንም ሒሳብ ውስጥ አይገቡም።

በመጨረሻም፣ ስለ ጭስ የሚወስን ስብሰባ ሲጠራ ጭሱ ውስጥ ከምንሠራው አንዳችን እንጠራ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። ሁሉም ሲል ከሼዱ ውጭ ያለውን ነዋሪ ብቻ ማለቱ አይመስለኝም።

ደብተሬን ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ ኮፒ አድርጌ አመጣለሁ። ሼዱን ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ኑ። እሳቱ የሚያያዘው ያኔ ነው። ሻሽ እኛ ጋ አለ።

ወረቀቱ ከሰጠን 30 ቀን 11 ቀርቶናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የእንጀራ ጋጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ ያዥ
በ23ቱ አባላት ስም
አዲስ አበባ